በጣና ዳር ከዓሣ አጥማጆች ጋር ለመሥራት፦ ለዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች የአሠራር መመሪያ

ነጭ ዓሣ ወንዝ የሚወጣው ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ነው። ሐምሌ ላይ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሲሞሉ፣ ከጣና በቀር በሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እንቁላላቸውን ለመጣል ከሐይቁ ወደ ወንዞቹ መውጣት ይጀምራሉ። ነሐሴና መስከረም ላይ ጉዞው ይበረታል፣ እስከ ጥቅምትም ይዘልቃል። በዚያው ጊዜ ተማሪው አገሩ ገብቷል፣ መምህሩ ዕረፍት ላይ ነው፣ የመንግሥት በጀትም ሰኔ 30 ተዘግቶ የአዲሱ ዓመት ገንዘብ ገና አልተለቀቀም። በዓሣ ሀብት ላይ የሚሠራ የማኅበረሰብ አገልግሎት በተደጋጋሚ ከሚከሽፍባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ በእኔ ግምትም ዋናው፣ ይኸው የወራት አለመገጣጠም ነው። ዓሣው በሚያዝበት ወር ማንም የለም፣ ሥልጠናው የሚሰጠው ግንቦት ላይ በአዳራሽ ነው።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የተደረደረው በወራት ነው። ምሳሌው ባሕር ዳርና የጣና ደቡብና ምሥራቅ ዳርቻ ናቸው። ሐዋሳ፣ ዝዋይ ወይም ጫሞ ላይ የምትሠሩ ሰዎች የዓሣውን ዓይነትና ወራቱን ለራሳችሁ ሐይቅ ቀይሩ፤ ጫሞ ላይ ለምሳሌ «ነጭ ዓሣ» ሲባል ሌላ ዓሣ ማለት ነው።

ጥቅምትና ኅዳር፦ ወራቱን በአንድ ወረቀት ላይ አውጡ

በዚህ ጊዜ ማንንም ለሥልጠና አትጥሩ። ከማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ፣ ለወረዳው የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ባለሙያዎች አድርሱ፣ ቀበሌውን አሳውቁ፣ ከዚያ ማለዳ መረብ በሚወጣበት ሰዓት ዓሣ የሚራገፍበት ቦታ ተገኙ። ረፋዱ ላይ ከደረሳችሁ ዓሣው ተሸጦ የምታገኙት ባዶ ሚዛኑን ነው።

ወረዳው የሞዴል ሰዎች ስም ዝርዝር ይሰጣችኋል። በአክብሮት ተቀበሉት፣ በእሱ ብቻ ግን አትሂዱ። በጣና ላይ ቢያንስ አምስት ዓይነት ሰው ታገኛላችሁ። በሞተር ጀልባ የሚያሰግሩ የማኅበር አባላት አሉ፤ ይህ ዓይነት አሠራር በጣና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ከሆላንድ በመጣ ድጋፍ ነው። በደንገል ታንኳ የሚያጠምዱ አሉ፤ ከእነሱ መካከል ታንኳ መሥራትን ከአባት ከእናት የወረሱት የነገደ ወይጦ ሰዎች ይገኙበታል። ዓሣ የሚያጸዱና ሥጋውን የሚያወጡ ሴቶች አሉ። ከዓሣው የሚበዛውን የሚገዙ ምግብ ቤቶችና ነጋዴዎች አሉ። አምስተኛዎቹ ሁልጊዜ የሚረሱት ናቸው፦ ከወንዞቹ ላይኛው ክፍል ያሉ ገበሬዎች። ሐይቁን በዓይናቸው ሳያዩ ዓመቱን ሊውሉ ይችላሉ፣ የነጭ ዓሣ እንቁላል የሚጣለው ግን እነሱ ደጅ ባለው የጠጠር ወለል ላይ ነው።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ስብሰባ አታጭቋቸው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ይናገራል፣ የታንኳው ሰው ያዳምጣል፣ ሴቶቹ ቡና ያፈላሉ፣ ቃለ ጉባኤው ይጻፋል። ለየብቻ፣ በየሥራ ቦታቸው አነጋግሯቸው። አጠያየቁም ወግ አለው። «ጋሼ፣ ሐምሌ ላይ መረብዎን የት ነው የሚጥሉት?» ብትሉ ጥያቄው የፖሊስ ይመስላል። «ጋሼ፣ እርስዎ ሥራ ሲጀምሩ የጉማራ አፍ ላይ ምን ያህል ዓሣ ይወጣ ነበር?» ብላችሁ ብትጀምሩ፣ የአሁኑን ያለ ጠያቂ ይነግሯችኋል።

ትልቅ ወረቀት ላይ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ወራቱን ደርድሩ። ከሥራቸው በየረድፉ ይሞላ፦ የትኛው ዓሣ መቼ ይበዛል፣ ዋጋው መቼ ይወጣል፣ አጽዋማቱ የት ይወድቃሉ፣ እርሻ መቼ ሰው ይፈልጋል፣ ጎብኚ መቼ ይመጣል፣ ጎርፍ መቼ ይገባል፣ ቤተሰቡ ብር የሚያጥረው መቼ ነው። የመጨረሻው ረድፍ ከሁሉም ይበልጣል። መስከረም ላይ ልጆች ትምህርት ቤት ማስገባት ያለበትን አባወራ ዓሣው እንቁላሉን እንዲጥል ነሐሴን ሙሉ መረብህን ስቀል ማለት ምን እንደሆነ እዚያ ላይ ይታያል።

የአበል ነገር በመጀመሪያው ቀን ይነገር። የምትከፍሉ ከሆነ ለማን፣ ስንት፣ ለስንት ቀን። የማትከፍሉ ከሆነም እንደማትከፍሉ። ሰው የሚቀየመው ባለመክፈላችሁ ሳይሆን በሦስተኛው ስብሰባ ላይ ሲሰማው ነው።

ታኅሣሥና ጥር፦ መለካት ጀምሩ፣ መቆፈርም

ለመዝገቡ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም፦ የሚንጠለጠል ሚዛን፣ የእንጨት ማስመሪያ፣ ውኃ የማይበግረው መዝገብ፣ እርሳስ። በሳምንት ሁለት ቋሚ ቀናት፣ ለምሳሌ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከአምስትና ስድስት ጀልባ ወይም ታንኳ ላይ ይመዘን። የሚጻፈው የዓሣው ዓይነት (ነጭ ዓሣ፣ ቆሮሶ ወይም አምባዛ)፣ ርዝመቱ፣ ክብደቱ፣ የመረቡ ዓይን ስፋት፣ መረቡ ስንት ሰዓት ውኃ ውስጥ እንደቆየ ነው። ሰዓቱ ካልተጻፈ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት አይነጻጸርም፤ ስለዚህ እሱን አትዝለሉ። የመረብ ዓይን ሲለካ መረቡ ተወጥሮ ከቋጠሮ ፊት ለፊቱ እስካለው ቋጠሮ ነው።

መዝገቡን የሚይዘው ተማሪ ብቻ ከሆነ ሰኔ ላይ ያበቃል። ከማለዳው ሥራ ቦታ የማይለይ አንድ ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት ፈልጉ፣ በየወሩ መጠነኛ ክፍያ መድቡለት። የሴቶቹ ቡድን ውስጥ እንዲህ ያለች ልጅ አትጠፋም፤ ከመዝጋቢዎቹ ይልቅ ሚዛኑን የምታውቀው እሷ ናት።

ቁጥሩን ለሰዎቹ መልሱላቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል በባሕር ዳር አካባቢ በተደረገ የምርምር ናሙና፣ ወንዝ የሚወጡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዛት 75 በመቶ ገደማ መቀነሱ ታይቷል። ይህን ስትነግሯቸው አይደነቁም፤ ከእናንተ በፊት ያውቁታል። የራሳቸው መዝገብ ያወጣው ቁጥር ሲሆን ግን ክርክሩ ይጀመራል፣ የምትፈልጉትም እሱን ነው።

አሁን ወደ ኩሬው፦ ነሐሴ ላይ መረቡ ሲሰቀል ለቤተሰቡ መደጎሚያ የሚሆን የዓሣ ማርቢያ ኩሬ። የኩሬው ሥራ በእነዚህ ወራት መጀመር ያለበት ምክንያት አለው። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውኃ ጥሩ ያድጋል፣ ከ20 በታች ይንቀራፈፋል። የጣና ዳርቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ብርድ ለዓሣ ጫጩት አይስማማም። ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት ላይ የገባ ጫጩት ግን የበጋውን ሙቀት ተጠቅሞ ከስድስትና ሰባት ወር በኋላ፣ ነሐሴ ላይ፣ ለገበያ ይደርሳል። ነጭ ዓሣ ወንዝ የሚወጣበትና መረብ የሚሰቀልበት ወር ማለት ነው። ጾመ ፍልሰታም የሚውለው ነሐሴ ላይ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እንተወውና፣ ጾም ሲገባ የዓሣ ገበያ እንደሚደራ ባሕር ዳር ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ፍልሰታን ግን ብዙ ሰው ጠበቅ አድርጎ ስለሚጾም እንደ ሁዳዴ ገበያ አትገምቱት፤ ከሆቴሎቹ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ቦታ ስትመርጡ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ አፈሩ። እርጥብ አፈር በእጅ ጨብጣችሁ ድቡልቡል አድርጉ፣ ወደ ላይ ወርውራችሁ ቅለቡት፤ ከተበተነ ውኃ አይዝም። መረሬ አፈር ውኃ በደንብ ይይዛል፣ ሲደርቅ ግን ይሰነጣጠቃል፤ ስለዚህ ኩሬው ከተሞላ በኋላ ባዶ አታስቀምጡት። ሁለተኛ የሚያዝያ ውኃ። መስከረም ላይ ውኃ የሌለው ቦታ የለም፤ ሚያዝያ ላይ የሚፈስ ምንጭ ወይም የመስኖ ቦይ ከሌለ አትቆፍሩ። ሦስተኛ ጎርፍ። የፎገራ ሜዳ ክረምት ላይ በውኃ ይዋጣል፤ ኩሬውን ከጎርፍ ምልክት በላይ አድርጉት። የዘንድሮውን ሳይሆን የክፉውን ዓመት ምልክት የሚያሳዩት ሽማግሌዎች ናቸው።

ለአንድ ቤተሰብ 10 በ20 ሜትር፣ ጥልቀቱ ከአንዱ ጫፍ 80 ሴንቲ ሜትር ከሌላው 1 ሜትር ከ20 የሆነ ኩሬ ይበቃል። ግድቡ ከውኃው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ተዳፋት ይኑረው፣ እንዳይናድም ሣር ይተከልበት። ውኃ መግቢያውና መውጫው በወንፊት ይሸፈን። መውጫውን ችላ እንዳትሉት፤ ጫጩቱ የሚያመልጠው በዚያ በኩል ነው። የሚገባው ቆሮሶ ከጣና ዝርያ ይሁን። ከሌላ አገር የመጣ ዓሣ በጎርፍ ቢወጣ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ያንን ደግሞ የሚመልሰው የለም። ጫጩት ለማግኘት ባሕር ዳር ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ቀደም ብላችሁ አነጋግሩ፤ የካቲት ላይ የሚፈለግ ጫጩት ኅዳር ላይ ይጠየቃል።

ጫጩት ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት ደረቅ ፍግ ጨምሩ፤ ለ100 ካሬ ሜትር በሳምንት 5 ኪሎ ገደማ። ውኃው አረንጓዴ ሲሆን ምግቡ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ክንዳችሁን እስከ ክርናችሁ አስገቡ፤ መዳፋችሁ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ ከታየ ደህና ነው፣ ጨርሶ ካልታየ ፍጉን አቁሙ። በካሬ ሜትር ሁለት ጫጩት ይበቃል፣ ስለዚህ ለዚህ ኩሬ 400። ማለዳ በብርድ አጓጉዟቸው፣ ከነፌስታሉ ኩሬው ላይ ለ15 ደቂቃ አንሳፍፏቸው፣ ውኃው ሲመጣጠን ልቀቋቸው።

ምግቡ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው። ጧትና ከሰዓት፣ በአንድ ቋሚ ጥግ፣ ከዓሣዎቹ አጠቃላይ ክብደት 4 በመቶ ገደማ በቀን፤ ሲያድጉ ወደ 2 በመቶ ይቀነሳል። የሻገተ ፋጉሎ አትስጡ። ንጋት ላይ ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውኃ በላይ አውጥተው ሲያዛጉ ካያችሁ አየር አንሷቸዋል፤ ምግብና ፍግ አቁሙ፣ ንጹሕ ውኃ አስገቡ።

ቆሮሶ ላይ ትልቁ ችግር መራባቱ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ገና ትንሽ ሳለ ይፈለፍላል፣ ኩሬው በጫጩት ይሞላል፣ አንዱም አያድግም። መላው ሁለት ነው። ወይ 20 እና 30 ግራም ሲደርሱ ወንዶቹን መርጦ ማስቀረት ነው፤ ሲገለበጡ ሴቷ ከፊንጢጣዋ ኋላ ሁለት ቀዳዳ፣ ወንዱ አንድ አለው፤ ሲለምዱት በፍጥነት ይታያል። ወይም ከሁለት ወር በኋላ ጥቂት አምባዛ መጨመር ነው፤ በ10 ካሬ ሜትር አንድ ያህል፣ መጠናቸው ከቆሮሶዎቹ ያነሰ። ትልቅ አምባዛ ካስገባችሁ የሚበላው ጫጩቱን ሳይሆን ያሳደጋችሁትን ነው።

ሒሳቡን ለቤተሰቡ በሐቅ አስሉለት። ከ400ው 320 ቢተርፉና እያንዳንዱ 200 ግራም ቢደርስ 64 ኪሎ ነው። ይህ ለአንድ ቤት ጥሩ ገንዘብ ነው፣ የሐይቁን ገቢ ግን አይተካም። ኩሬ ሐይቅን ይተካል እያሉ የሚያስተዋውቁ ሰዎች ከክረምቱ በኋላ ያን ሰው ዓይኑን ማየት አይችሉም። 64 ኪሎ የሚሸፍነው የነሐሴን ጥቂት ሳምንታት ነው። እነዚያን ሳምንታት መሸፈኑ ነው ቁም ነገሩ።

ከየካቲት እስከ ግንቦት፦ የወንዝ አፍ ስምምነት

ሐይቁን በሙሉ ለሦስት ወር መዝጋት የሚባለውን ሐሳብ እኔ አልደግፍም። ማንም አይጠብቀውም፣ ድሃው ይቀጣል። የሚሠራው ጠባብ ስምምነት ነው፦ የወንዝ አፍ፣ ለምሳሌ የጉማራ፣ በሁለቱም ጎን በታወቀ ዛፍ ወይም ድንጋይ ተለክቶ፣ ነሐሴና መስከረም ላይ መረብ አይጣልበትም። ቆሮሶ በሰፊ መረብ፣ ዓይኑ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ፣ በሌላው የሐይቁ ክፍል ይቀጥላል። ጠባብ ዓይን ያለው ቀጭን የፕላስቲክ ክር መረብ ከነጭራሹ ይቅር፤ ያልበሰለውን ሁሉ ይጠርጋል፣ ሲቀደድም ውኃ ውስጥ ቀርቶ ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል።

ከላይ ካሉት ገበሬዎች ጋር የሚደረገው ንግግር ሌላ ነው። እዚያ ችግሩ ሦስት ነው፦ ዓሣ ለማደንዘዝ የሚጨመር የብርብራ ፍሬ፣ ከወንዙ የሚወጣ አሸዋና ጠጠር፣ ወንዙን የሚጠልፍ የመስኖ ፓምፕ። በብርብራ ማጥመድ እናትንም ጫጩትንም አብሮ ይፈጃል፤ ይህን አብዛኛው ሰው በአንድ ውይይት ይቀበላል። አሸዋው ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ገቢ ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ከየትኛው የወንዝ ክፍል እንደማይወጣ ብቻ ብትስማሙ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ስምምነቱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ቀበሌውና ማኅበሩ ይፈርሙበት፣ ቅጣቱን እነሱ ይወስኑ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፣ ክልሉም የራሱ ሕግ አለው፤ አስፈላጊውን አንቀጽ በቀላል አማርኛ አንብቡላቸው። ዩኒቨርሲቲው ግን መረብ ነጣቂ አይሁን። ተማሪ አንድ ጊዜ መረብ ከቀማ በኋላ በዚያ መንደር ዓሣውን የሚያስመዝን አይኖርም።

ሰኔ፦ ገንዘቡን ከመዘጋቱ በፊት

ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚያስፈልገው ሁሉ በዚህ ወር ይገዛ፦ ለመዝጋቢዋ የሦስት ወር ክፍያ በማኅበሩ በኩል፣ የጀልባ ነዳጅ፣ ለኩሬዎቹ ፋጉሎ፣ የበረዶ ማስቀመጫ ሣጥን። ከመምህራኑ ሁለቱ ክረምቱን ባሕር ዳር እንደሚቆዩ በጽሑፍ ይወሰን። በክረምት የሚማሩ ተማሪዎች ካሉም አሳትፏቸው።

ሐምሌና ነሐሴ፦ ዓሣው ሳይበላሽ

ከኩሬ የወጣ ዓሣ በማግሥቱ ከሸተተ ያ ቤተሰብ ዳግመኛ አይቆፍርም። ገዢው ሳይታወቅ ከኩሬ ዓሣ አይውጣ። ማለዳ ይውጣ፣ በጥላ ይሁን፣ ሆድ ዕቃው ወዲያው ይውጣ፣ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፣ በረዶና ዓሣ በክብደት እኩል ለእኩል ይደርደር። ከአንድ ኪሎ ቆሮሶ የሚወጣው ንጹሕ ሥጋ ሲሶ ገደማ ነው። ይህን ያላወቀች ሴት ሥጋውን በዓሣው ዋጋ እጥፍ ሸጣ አተረፍኩ ትላለች፣ ያገኘችው ግን ኪሳራ ነው። ስሌቱን ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሥሩ። የቀረው አጥንትና አንጀት ዳርቻው ላይ አይጣል፤ ተቀቅሎ ደርቆ ተፈጭቶ ከፉርሽካ ጋር ለኩሬ ምግብ ይሆናል።

ከመስከረም እስከ ጥር፦ ጎብኚው

ቱሪዝም መረብ የሚሰቀልባቸውን ወራት እንደማይሸፍን በግልጽ ይነገር። ጎብኚ የሚበዛው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስቀል እስከ ጥምቀት ነው። ከጸጥታው ሁኔታ የተነሣም ከውጭ የሚመጣው ሰው ቀንሷል፤ ስለዚህ ዕቅዱ በአገር ውስጥ ተጓዥ፣ በተሳላሚ፣ በስብሰባ እንግዳ ላይ ይቁም። ጣናና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራ ሆኖ መመዝገቡ ጥሩ ስም ነው፣ ስሙ ብቻውን ግን እራት አይሆንም።

የሚሸጠው ነገር ቀላል ነው፦ የግማሽ ቀን ጉዞ። ማለዳ ዓሣ ሲራገፍ ማየት፣ ደንገል እንዴት ታንኳ እንደሚሆን ከሠሪው መማር፣ በዘጌ ጫካ ቡና መሐል ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት መሄድ፣ መመለሻ ላይ ሴቶቹ የሠሩትን ዓሣ መብላት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚነሣ ጉዞው ከቀትር በፊት ይጠናቀቅ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት ይኑር። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማይገባባቸው ከመሳፈር በፊት ይነገር። እንግዳዋ ወደቡ ላይ ደርሳ ስትመለስ የሚያፍረው አስጎብኚው ነው።

ታንኳ ሠሪው ለፎቶ የሚቆም ጌጥ አይደለም። ክፍያው ከጉዞው ዋጋ ተለይቶ በስሙ ይጻፍ፣ በዕለቱም ይከፈለው። ደንገሉ ራሱ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ቆሮሶ የሚጠለልበትም እዚያ ነው። አጨዳው ተራ በተራ እንዲሆን ከሠሪዎቹ ጋር ተስማሙ፤ የቱን ዳርቻ ማሳረፍ እንደሚገባ እነሱ ያውቃሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጣና የተስፋፋው እምቦጭ ለጀልባዎቹም ጣጣ ነው። ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ሲኬድ በሞተሩ ላይ የተጠመጠመው ተነቅሎ ከውኃ ርቆ በፀሐይ ይድረቅ። ይህ በጉዞው ውል ላይ አንድ መስመር ሆኖ ይግባ።

ተማሪ ሲመረቅ

የማኅበረሰብ አገልግሎት ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲ ግዴታ ነው፣ ሪፖርቱ ግን ሥልጠና የወሰደ ሰው ቁጥር ይወዳል። እናንተ በአባሪ ሌላ ገጽ ጨምሩ፦ ነሐሴ ላይ የተሰቀለ መረብ ብዛት፣ የወጣ የኩሬ ዓሣ ኪሎ፣ ለታንኳ ሠሪዎች የተከፈለ ብር፣ ያልተሳካውም ከነምክንያቱ። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይኑር፣ አንዱ ማኅበሩ ዘንድ። ሚዛኑና የበረዶ ሣጥኑ በዩኒቨርሲቲው ንብረት ክፍል ስም ተመዝግበው ከሆነ ለማኅበሩ የሚተላለፉበትን ደብዳቤ ከመጋቢት ጀምሮ ተከታተሉ፤ የንብረት ዝውውር በሰኔ አያልቅም። አዲስ የሚመጡት ተማሪዎች ጥቅምት ላይ ያን የወራት ወረቀት ይዘው፣ ከአሮጌዎቹ አንዱ አስተዋውቋቸው፣ ማለዳ መረብ በሚወጣበት ሰዓት ይጀምሩ።